የራሴን መርዶ የሰማሁ ዕለት

ይህ ጉዳይ ያስከፈለኝን አስቀድሜ ላስቀምጥ። የግራ ጉንጬን ፈገግታ፣ ፉጨቴን፣ የግራ ጆሮዬን ጫፍ ስሜትና ከታች በኩል ጥቂት ጥርሶችን ወስዷል። ሰው ፊት የመብላት ክብሬንም ጨምሮ፤ ምግብ አፌ በገባ ቁጥር ግራ ጉንጬን ያልበኛል፣ እንጀራ ስቆርስ ያየኝ ሰው ድንጋይ የምፈልጥ ይመስለዋል። የብሩን ሒሳብ አልጽፈውም። የያኔ ብርና የዛሬ ብር ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ዘመድ አይደሉም፤ ያኔ በሬ በሚገዛ ገንዘብ ዛሬ ደህና በግ አይገኝም። ቁጥሩን ብጽፍ ወጣቱ ርካሽ ሰው ይለኛል፣ ሽማግሌው ደግሞ ዋሾ።

ነገሩን የቀሰቀሰው ያለፈው የግንቦት ልደታ ነው። ሰፈራችን ፈርሶ ሰው በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተነ ወዲህ የድሮ ጎረቤት የሚገናኘው ሁለት ቦታ ብቻ ነው፤ ለቅሶ ቤትና የልደታ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ። ያን ቀን ከቅዳሴ ወጥቼ አጥሩን ተደግፌ ስቆም አንድ ጋቢ የደረበ ግዙፍ ሽማግሌ ከዘራውን ተመርኩዞ አፈጠጠብኝ። ደበበ ነበር፣ የጌጃ ሰፈሩ ልብስ ሰፊ። ካየሁት ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ሽቅብ ቁልቁል ለክቶኝ ሲያበቃ፣

«ወርቁ?» አለኝ።

«አቤት።»

«አንተ አልሞትክም እንዴ?»

«እስካሁን አልደረሰኝም።»

«እኔኮ አልቅሼልሃለሁ። አርፏል ብለው ደወሉልኝ፤ ቤቴ ቁጭ ብዬ ነው ያለቀስኩት።»

ወሬ እንዲህ ነው። ከአብነት ተነሥቶ ከከተማው ዳር እስኪደርስ ሦስት ታክሲ ይቀይራል፣ በየታክሲው ላይ ደግሞ ሰው ይቀየራል። «ያለቀስከውን አስቀምጠው፣ ጊዜው ሲደርስ ይታሰብልሃል» አልኩት። ሳቀ። ከዚያ ፊቴን አየ፣ ግራውን፣ እና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ታዲያ ያ ነገር፣ ዳንክ?» አለኝ።

ለዚህ ጥያቄ አዎ ወይም አይደለም የሚባል መልስ ቢኖረኝ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም ቤት ቀጠሮ ነበረኝ፤ የሳንባዬ ፎቶ ሊነሣ። «በመጪው ሳምንት ጠይቀኝ» አልኩት። ከአጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ ተቀመጥን፣ ሴቶች ንፍሮ አዘገኑን፣ ሁለት ፍሬ ሳላላምጥ ጉንጬ ማላብ ጀመረ። ደበበ መሐረቡን አውጥቶ ሰጠኝ፤ የራሱ ስፌት ነው፣ ጠርዙ እስከ ዛሬ ቀጥ ያለ።

ያኔ ሱቄ ተክለ ሃይማኖት ነበር። ሱቅ ማለት እንኳ ማጋነን ነው፣ እጄን ወደ ግራና ቀኝ ብዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ የምነካበት ስንጥቅ። በአንድ በኩል ካሴት ቤት፣ በሌላው በኩል ሻይ ቤት። የምሸጠው ቁልፍ፣ ዚፕ፣ ገበር፣ ክርና የትከሻ ስፖንጅ ነው። ደንበኞቼ የጌጃ ሰፈርና የአብነት ልብስ ሰፊዎች ናቸው። ያኔ ሰው ሙሉ ልብስ አይገዛም፣ ያሰፋል፤ ለፋሲካ፣ ለሠርግ፣ ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ሳይቀር። ሱሪው እግር ሥር እንደ ደወል ሰፍቶ መንገድ የሚጠርግበት ጊዜ ነበር፣ ቀጥሎ እንደ ቀረርቶ ዘፋኝ ሱሪ ጠባብ ሆነ፣ ከዚያ ደግሞ ሁለት ሰው የሚያስገባ ሆነ። እኔ ዘመንን የማውቀው በቁልፍ ነው። የነሐስ ቁልፍ መልሕቅ ያለበት፣ ለኮት የሚሆን የእንጨት፣ ለሴቶች ቀሚስ እንደ ዕንቁ የሚያበራው። መንግሥት ሲለወጥ መጀመሪያ የሚለወጠው የሚፈለገው የቁልፍ ቀለም ነው፤ ከዚህ ያለፈ ፖለቲካ አላውቅም። ደርዘን ቁልፍ በስሙኒ ሸጬ አውቃለሁ። አሁን በስሙኒ የሚገዛ ነገር ቢኖር ስሙኒውን ራሱን ነው፣ ያውም የድሮ ሳንቲም ለሚሰበስብ ፈረንጅ።

የካሴት ቤቱ ሰው ጠዋት በሩን ሲከፍት ቴፑንም አብሮ ይከፍታል። ሲመሽ ነው የሚዘጋው። አዲስ ካሴት የወጣ ቀን አንዱን ዘፈን አሥር ጊዜ ይደጋግመዋል፣ እኔም ክሩን እየጠቀለልኩ በፉጨት እከተለዋለሁ። ፉጨቴ ታዋቂ ነበር፤ ሰፊዎቹ ከመንገዱ ማዶ ሆነው «ወርቁ፣ ያችን ድገማት» ይሉኝ ነበር። ባለቤቴን አስካለን ያገኘሁትም በእሱ ነው። ቤታቸው ጌጃ ሰፈር፣ ቆርቆሮ አጥር ያለው፣ አባቷ ቁጡ። ወደ ማታ በአጥሩ ሥር እያፏጨሁ ሳልፍ እሷ ውሃ የምትደፋ መስላ ብቅ ትላለች። አንድ ቀን በእሷ ፈንታ አባቷ ብቅ አሉና፣ «ይህ ወፍ ጎጆ የለውም?» አሉኝ። ጎጆ ለመሥራት ሁለት ዓመት ፈጀብኝ፣ ግን ሠራሁ።

እብጠቱን መጀመሪያ ያየው ጸጉር አስተካካዬ ነው። ከግራ ጆሮዬ ሥር ምላጩን አቁሞ፣ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ምንድነች?» አለኝ። ሽምብራ የምታህል፣ ጠንካራ፣ ስነካት የማታም። አስካለ፣ «በስተርጅና ጆሮ ደግፍ ወጣብህ» ብላ ሳቀችብኝ፤ እውነትም በልጅነቴ ያ የሕፃናት በሽታ አልያዘኝም ነበር፣ ዘግይቶ መጣ ብዬ ተውኩት። ስሕተቱ የነጋዴ ስሕተት ነው። በገበያ ሕግ ቀድሞ የሚስተናገደው የሚጮህ ደንበኛ ነው፤ ዝም ብሎ የቆመው ይቆያል። ጥርሴ ሲያመኝ በማግስቱ ነቀልኩት። ይህቺ ግን አትጮህም። ሁለት ፋሲካ አለፈ፣ ሽምብራዋ ባቄላ ሆነች፣ ባቄላዋ ሎሚ ልታህል ደረሰች። አንድ ጠዋት ሻይ ስጠጣ ሸሚዜ ላይ ይንጠባጠባል። አስካለ አየችኝ፣ መጀመሪያ የምስቅ መሰላትና ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋን አቆመች። «አፍህ ወደ አንድ ጎን ሄዷል» አለችኝ። የዚያኑ ዕለት ሐኪም ቤት ወሰደችኝ። በመርፌ ናሙና ወሰዱ፣ ውጤቱ ሲደርስ ኑ አሉን።

ውጤቱን የተቀበለችው እሷ ናት፣ እኔ ሱቅ ነበርኩ። ከምራቅ ዕጢ የተነሣ ካንሰር ነው ብለው ነገሯት። እሷም ለእኔ ከመንገር ይልቅ ሄዳ ለዕድራችን ዳኛ ለጋሽ ገብሬ ነገረቻቸው። ጋሽ ገብሬ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሰው ናቸው፣ ሥርዓት አዋቂ። ዕድራችን ደግሞ ክፉ ወሬ የሚነግርበትን አንድ መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው።

ገና ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ጋሽ ገብሬ በጥቁር ኮት፣ የንስሐ አባቴ አባ ኪዳኔ መስቀላቸውን ይዘው፣ ከኋላቸው ደበበ፣ ከእነሱ ኋላ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሦስት አራት ሴቶች። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን አሰላለፍ በዚያ ሰዓት ካየ የሚያስበው አንድ ነገር ነው። ገብተው ተቀመጡ። እኔን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡኝ፣ ደበበ ከጎኔ ተቀምጦ ክንዴን ያዘኝ። መርዶ ሲነገር ሰውየው ራሱን መሬት ላይ እንዳይጥል ጎበዝ ሰው ይያዘው ይባላል፤ ሰፈራችን ውስጥ ከደበበ የበለጠ ጎበዝ አልነበረም። በልቤ ዘመድ መቁጠር ጀመርኩ። ናዝሬት ያለው ታላቅ ወንድሜ ተሾመ ደም ግፊት አለበት።

«ተሾመ ነው?» አልኩ።

«ተሾመ ደህና ነው» አሉ ጋሽ ገብሬ።

«እህቴ ናት?»

«እህትህም ደህና ናት።»

«ታዲያ ማን ነው?»

ጋሽ ገብሬ አባን አዩ። አባ ደበበን አዩ። ደበበ ክንዴን አጥብቆ ያዘ።

«እንግዲህ ልጄ ወርቁ» አሉ ጋሽ ገብሬ፣ «አንተ ነህ።»

«እኔ ምን ሆንኩ?»

«ውጤትህ መጥቷል።»

ከሴቶቹ አንዷ እዬዬ ልትል ስትጀምር አስካለ ከጓዳ «ዝም በይ፣ ቁጭ ብሎ እየሰማሽ ነው» አለቻት። እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ እፎይታ ነው፤ ወንድሜ አልሞተም። ቀጥሎ የተሰማኝ የደበበ እጅ ነው።

«ደበበ፣ ልቀቀኝ። ሱቅ ልከፍት ነው።»

«እንዳትወድቅ ነው።»

«ተቀምጫለሁኮ። ወዴት ልወድቅ?»

«ሥርዓቱ ነው» አለኝ፣ አልለቀቀኝም። አባ ኪዳኔ ጸሎት እስኪያደርሱ ድረስ ክንዴን ይዞ ቆየ፤ ጣቶቹ የተዉት ምልክት ሳምንት ሙሉ አልጠፋም። ጋሽ ገብሬ ሲወጡ በሩ ላይ ዘወር ብለው፣ «ዕድሜ የእግዚአብሔር ነው» አሉኝ። እኔ ግን በልቤ የተተከለው ጥያቄ ያ አልነበረም። ስንት ነው? የሚለው ነበር። ነጋዴ ነኝ፣ ዕቃ ሲሰጠኝ ስንት ሜትር እንደሆነ ሳልለካ አልቀበልም።

ሱቄን የዚያኑ ቀን ከፈትኩ። ወሬው ቀድሞኝ ደርሶ ነበር። ሰፊዎቹ እየመጡ ሻይ ቤቱ በር ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፣ ካሴት ቤቱ ቴፑን ዘጋ፣ አንዷ ዳቦ አመጣች። ያን ሳምንት የሚከራከረኝ ደንበኛ አልነበረም፤ የጠራሁትን ዋጋ ዝም ብለው ከፍለው ይሄዳሉ። ለሟች ዋጋ አያስቀንሱም። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ቢቀጥል ኖሮ ሀብታም ሆኜ እሞት ነበር ብዬ ለአስካለ ብነግራት አላሳቃትም።

ቀዶ ሕክምናውን የምትሠራው ሐኪም ወጣት ሴት ናት፣ ቀጭን፣ ቃላት የማታባክን። አስካለና እኔ ፊቷ ተቀመጥን። ወረቀት ላይ ጆሮ ሣለች፣ ከጆሮው ሥር እንደ ዛፍ ሥር የሚዘረጋ መስመር ሣለች። የፊት ነርቭ ነው አለች፤ በምራቅ ዕጢው መካከል አልፎ አምስት ዋና ዋና ቅርንጫፍ ይሆናል። ዓይን የሚጨፍነው፣ ፈገግ የሚያደርገው፣ ከንፈር የሚያንቀሳቅሰው እሱ ነው።

«እብጠቱ ነርቩን ከያዘው እንቆርጠዋለን» አለች።

«አምስቱንም?» አልኳት።

«የያዘውን ያህል።»

«ዶክተር፣ ሁለቱን ይውሰዱና ሦስቱን ይተዉልኝ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ይህኮ ገበያ አይደለም፣ ጋሽ ወርቁ።»

«ሁሉም ነገር ገበያ ነው። ዓይኔን ከተዉልኝ ከንፈሬን ልልቀቅ።»

«የእርስዎ ዓይነት ካንሰር ነርቭ ተከትሎ የሚሄድ ነው። ብል በስፌት መስመር እንደሚሄደው ይሄዳል። አሳዝነውኝ አንዱን ብተው፣ የተውኩትን ይዞ ተመልሶ ይመጣል።»

የብሉን ምሳሌ ሆን ብላ ይሁን ሳታስብ አላውቅም፤ ገበር ለሚሸጥ ሰው ግን ከዚያ በላይ ማስረጃ አያስፈልገውም። አስካለ ቀድማኝ፣ «የያዘውን ሁሉ ይቁረጡ» አለች። «ፊቱን እኔ ነኝ የማየው፣ እሱ አይደለም።» ድርድሩ በዚህ ተዘጋ።

ከቀዶ ሕክምናው ስነቃ ራሴ እንደ ሸቀጥ ተጠቅልሏል። ከቀናት በኋላ ፋሻው ሲነሣ ሐኪሟ፣ «እስቲ ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለች። ተጨፈነ። «ግንባርዎን ያኮማትሩ።» ተኮማተረ። «አሁን ይሳቁ።» ቀኙ ሳቀ። ግራው ቀልዱ እንዳልገባው ሰው ዝም አለ። የታችኞቹን ሁለት ቅርንጫፎች ቆርጣ ሦስቱን አትርፋለች። ለሰፈር ሰው ተከራክሬ አስቀነስኳት እያልኩ አወራሁ፤ እሷ ግን በሽታው የነካውን ነው የቆረጠችው፣ ካልነካው አንዲት ክር አልወሰደችም። ደበበ ሊጠይቀኝ መጣና ስፌቱን በመነጽሩ ሥር መረመረው። ከጆሮ ፊት ወርዶ፣ በጆሮ ሥር ዞሮ፣ በአንገት እጥፋት ውስጥ የሚጠፋ ነው። «በእጥፋቱ ነው የሄደችው» አለ። «ከፍቶ የሚፈልግ ካልሆነ አያየውም። ክሩ ግን ከእኛ አይደለም የተገዛው።» ፉጨት ሞከርኩ፣ ነፋስ ብቻ ወጣ። አስካለን፣ «ጠፋ» አልኳት። «እንኳን ጠፋ» አለችኝ፣ «ለእኔ ብሎ የጀመረው ለሰፈሩ ሁሉ ሆኖ ነበር።»

ከዚያ ጨረር መጣ። ስድስት ሳምንት ገደማ፣ ከቅዳሜና እሑድ በቀር በየቀኑ። ሱቄን ለአስካለ ትቼ ጠዋት በታክሲ እሄዳለሁ። ታክሲ ያኔ ከብር ጥቂት ሳንቲም ከፍ ያለ ነው፣ ረዳቱ ግማሽ ፊቴን በነጠላ ሸፍኜ ሲያየኝ መልሱን ሳይከራከር ይሰጠኛል። በርበሬው አመድ አመድ አለኝ፣ አፌ ደረቀ፣ ቆይቶም ጥርሶቼን አሳጣኝ። ተራ የምንጠብቅበት ረጅም አግዳሚ ወንበር ነበረ። እዚያ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ታሪኩ አንድ ነው፤ ቤተሰቡ ያወቀው እሱ ከማወቁ በፊት ነው። አንድ ከገጠር የመጡ አባት አጠገቤ ይቀመጡ ነበር፣ አንገታቸው ያበጠ። የጥርስ ሕመም ነው ብሎ ልጃቸው ነግሯቸዋል። ልጁ በአባቱ ትከሻ ላይ አሻግሮ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ያየኛል። «አንተስ ምንህን ነው?» ብለው ጠየቁኝ። «እኔም ጥርሴን ነው» አልኳቸው። «ይህ ጥርስ የሚሉት ነገር አገር ፈጀ» አሉ አዝነው። ከዚያን ቀን ጀምሮ በጥርስ ጉዳይ ብቻ ነው ያወራነው።

ጨረሩ ሲያልቅ ሐኪሟ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። ሆን ብዬ ነው። «አሁን የምነግርዎትን ልብ ይበሉ» አልኳት። «ከእንግዲህ የእኔ ነገር ለእኔ ይነገር። ለባለቤቴ እኔ እነግራለሁ። ለዕድሩ ማንም እንዳይነግር።» ተስማማች። ከዚያ ያቺን ጥያቄ ጠየቅኳት።

«አምስት ዓመት ካለፈ ተርፌያለሁ ማለት ነው? ሰው እንደዚያ ይላል።»

«በብዙ ካንሰር እንደዚያ ይታሰባል። የእርስዎ ዓይነት ግን ቀስ ብሎ የሚሄድ ነው። አምስት ዓመት ጥሩ ነው፣ ግን መጨረሻ አይደለም። ከአሥር ዓመትም ከአሥራ አምስትም በኋላ ሳንባ ላይ ብቅ ሊል ይችላል። ስለዚህ ቀጠሮው አያልቅም።»

«እስከ መቼ?»

«እስካሉ ድረስ።»

ዕቃው የዋስትና ወረቀት የለውም ማለት ነው። ደረሰኙንም የሚሰጠኝ የለም። የሚገርመው፣ ይህን ከሰማሁ በኋላ ከመርዶው ጠዋት ይልቅ ልቤ ረጋ። መለኪያው ረጅም ቢሆንም መለኪያ ነው።

መጀመሪያ በየሦስት ወሩ፣ ቀጥሎ በየስድስት ወሩ፣ ቀጥሎ በየዓመቱ ሄድኩ። አምስተኛው ዓመት ሲሞላ አስካለ በግ አረደች። እኔ ገና ነው ብዬ ነግሬያታለሁ። «ገና መሆኑን አውቃለሁ፣ በጉ ግን ደርሷል» አለችኝ። ጋሽ ገብሬ ተነሥተው፣ ዕድሩ በታሪኩ መርዶ ነግሮ የተሳሳተው አንድ ጊዜ ብቻ መሆኑን፣ ለዚያም ይቅርታ እንደሚጠይቅ ተናገሩ። ይቅርታቸው በቃለ ጉባኤ ገባ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ጋሽ ገብሬ በስኳር አረፉ፣ አባ ኪዳኔ በእርጅና፣ ከእነዚያ ነጠላ ካዘቀዘቁት ሴቶች ሁለቱ ተከተሉ። በሁሉም ቀብር ላይ ቆሜያለሁ። የጋሽ ገብሬ ልጅ እያለቀሰ ያቀፈኝ ጊዜ ምን እንዳሰበ ከዓይኑ አይቻለሁ። አልተቀየምኩትም።

ሰፈሩም በዚያ መካከል ሄደ። ግድግዳችን ላይ በቀለም ቁጥር ጻፉበት፣ ቁጥር የተጻፈበት ቤት ደግሞ ዕድሜው ታውቋል፤ ያኔ ቤቴ ከእኔ ይልቅ እርግጠኛ ወሬ ነበራት። የአስካለ አባት ቆርቆሮ አጥር ከነበረበት ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል፣ ሥሩ የሞባይል ሽፋን ይሸጣል። እኔም ስንጥቄን ለቅቄ ሦስተኛ ፎቅ ላይ አንዲት መደርደሪያ ተከራየሁ። ሙሉ ልብስ የሚያሰፋ ጠፍቷል፤ ከውጭ የመጣ ተሰቅሎ ይሸጣል፣ ሰልባጁም አለ። የምሸጠው በአብዛኛው ለቦርሳ የሚሆን ዚፕ ነው። ፊቴ ግን ንግዴን አልጎዳም። ገዢ የሻጩን ፊት እያየ ነው ዋጋ የሚያወርደው፤ የእኔን ፊት ሲያይ በቀኝ ወይ በግራ ማመን ያቅተዋል። ቀኙ ሲለሰልስ ግራው አልወርድም ይላል። ብዙዎቹ ለግራው ይከፍላሉ።

ስለ ጉንጬ ላብ ሐኪሟን ጠይቄያት ነበር። ለምራቅ ይታዘዝ የነበረው ነርቭ ከተቆረጠ በኋላ መልሶ ሲያድግ መንገድ ስቶ ቆዳ ላይ ገባ፣ ስለዚህ አፌ ምራቅ ሲያዝ ጉንጬ ላብ ያወጣል አለችኝ። ገባኝ። የእኛም ሰፈር ሰው ሲበተን እንደዚሁ ነው የሆነው። ደበበ እስከ ዛሬ አሮጌው ቤቱ ወደነበረበት የሚሄድ ታክሲ ተሳስቶ ይሳፈራል።

ዓመቱ አልፎ ዓመት ሲተካ ሰው ሁሉ ረሳው፣ እኔም ልረሳው ምንም አልቀረኝም። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ለወትሮው ፎቶ ሄድኩ። ሐኪሟ አሁን ጸጉሯ መሸበት ጀምሯል፣ እኔም አንቺ ማለት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ፤ እሷ ግን እርስዎ ከማለት አልወረደችም።

«ጋሽ ወርቁ፣ ቁጭ ይበሉ» አለችኝ።

«ቁጭ ብዬስ ማን ይይዘኛል?» አልኳት። ታሪኩን ነግሬያት ስለነበር ፈገግ አለች፣ ግን ፈገግታዋ ቶሎ ጠፋ።

ፎቶውን በኮምፒዩተሩ አሳየችኝ። በግራ ሳንባዬ ሁለት ነጥብ አለ፣ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ ክብ፣ ከዚያ ግን ያነሰ። ያው የድሮው ነው አለች፣ እንደዚህ ዓይነቱ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚመጣው። አሁን አንነካውም። ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው፣ መድኃኒቱም ቀስ ብሎ በሚያድግ ላይ ብዙ አይሠራም፣ ጉዳቱ ይበልጣል። እንጠብቃለን፣ እንለካለን።

«ስንት ዓመት?» አልኳት።

«አላውቅም። ከነጥቦቹ ጋር ብዙ ዓመት የኖሩ ታካሚዎች አሉኝ። ያልኖሩም አሉ። የእርስዎን የሚነግረን የሚያድጉበት ፍጥነት ነው።»

ወደ ቤት የሄድኩት በእግሬ ነው፣ በአብነት አድርጌ። ለአስካለ እንዴት እንደምነግራት መንገዱን ሙሉ አሰብኩ። ጠዋት አይሆንም። ሰው ተሰብስቦ አይሆንም። እጇን ይዤ አይሆንም። እኩለ ቀን ነበር ስደርስ፣ ሽሮ እየወጣ። ተቀመጥን፣ በልቼ ጉንጬ ማላብ ሲጀምር ነገርኳት። ማንኪያውን አላስቀመጠችም።

«ስንት ናቸው?»

«ሁለት።»

«ያማሉ?»

«አያሙም።»

«ያኛውም አያምም ነበር» አለች። «ለማን ነግረሃል?»

«ለአንቺ።»

«እንግዲያው ለማንም እንዳትናገር። በተለይ ለዚህ ለአዲሱ ዕድር። ድንኳን ሲተክሉ ደስ ይላቸዋል።» ከዚያ ሽሮውን ወደ እኔ ገፋችው። ማታ መብራት ከጠፋ በኋላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ እንዳልተኛች አውቄ እኔም እንዳልተኛሁ አላስታወቅኋትም። በማግስቱ ሱቅ ከፈትኩ።

ከዚያ ወዲህ ባለፈው ዓመት ተለካ። አንዱም አላደገም። አስካለ በግ አላረደችም፣ አንድ ኪሎ ሥጋ ገዛች፣ በዛሬ ዋጋ ያውም ድግስ ነው።

የዘንድሮው ቀጠሮ ከግንቦት ልደታ በኋላ ባለው ሳምንት ነበር ብያለሁ። አስካለ አብሬህ ልሂድ አለች፣ አልከለከልኳትም። ሐኪሟ ለሁለታችንም አንድ ላይ ነገረችን። መጀመሪያ አሮጌውን ፎቶ ከፈተች፣ ከጎኑ አዲሱን፣ በማስመሪያ መስመር እየለካች። አስካለ መነጽሯን አውጥታ ጠጋ አለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ጨርቅ የገዛች ሴት ናት፣ ሲለካባት አይኗን አትነቅልም። ስንወጣ መንገድ ላይ ስልኬ ጠራ። ደበበ ነው።

«እህ፣ ዳንክ?» አለኝ።

ለእሱ የነገርኩትን እዚህም ላስፍር። ዓመቱ አልፏል፣ እኔ አለሁ፣ ሱቄ ክፍት ነው። ከሁለቱ ነጥቦች አንዱ እንደነበረ ነው። ሌላው ሁለት ሚሊሜትር ጨምሯል። ቀጠሮዬ ከስድስት ወር በኋላ ነው።